ከቦሌ ጎዳና እስከ ጸጥታው ምክር ቤት፦ የ1987ቱ የግድያ ሙከራ፣ የመንግሥታት ትብብርና የአማን ሕግ

ስለ ዓለም አቀፍ ሰላምና ጸጥታ ሲነሣ የብዙዎቻችን ሐሳብ ወደ ኒው ዮርክና ወደ ጄኔቫ ይሄዳል። ይሁን እንጂ የመንግሥታት ትብብር ብርታቱም ድካሙም አብረው ከታዩባቸው ጉዳዮች አንዱ የተነሣው ከዚህችው ከአዲስ አበባ፣ ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ መሀል ከተማ በሚወስደው ጎዳና ላይ ነው። በዚህ ጽሑፍ ሰኔ 19 ቀን 1987 ዓ.ም. በግብፅ ፕሬዚዳንት በሑስኒ ሙባረክ ላይ የተቃጣውን የግድያ ሙከራና ያስከተለውን ከስድስት ዓመት በላይ የዘለቀ ሂደት እንመረምራለን። ድርጊቱ በሃይማኖታችን ስም የተፈጸመ በመሆኑ ደረሶቻችን ስለ እርሱ ሲጠይቁ ትክክለኛውን መልስ የመስጠት ኃላፊነት በመምህራንና በኢማሞች ላይ ይወድቃል። ቀኖቹን የምንጠቅሰው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ፕሬዚዳንቱ ወደ አዲስ አበባ የመጡት በአፍሪካ አንድነት ድርጅት የመሪዎች ጉባኤ ላይ ለመገኘት ነበር። ከአውሮፕላን ማረፊያው እንደወጡ ታጣቂዎች በተሽከርካሪ መንገዱን ዘግተው በአጀቡ ላይ ተኩስ ከፈቱ። ጥይት የማይበሳው መኪና ወደ ኋላ ተመልሶ ፕሬዚዳንቱ ሳይጎዱ ወደ ካይሮ በረሩ። በተኩሱ ግን ሁለት ኢትዮጵያውያን የጸጥታ ባልደረቦች ሕይወታቸውን አጡ። የዓለም ትኩረት ከሞት በተረፉት መሪ ላይ በማረፉ የእነዚህ ሁለት ሰዎች ደም ብዙ ጊዜ ሳይወሳ ይታለፋል። በእኛ እምነት ግን ስለ ጉዳዩ የሚናገር ሁሉ ከእነርሱ ሊጀምር ይገባዋል። ለድርጊቱ ኃላፊነት የወሰደው «አል-ጀማዓ አል-ኢስላሚያ» የተባለው የግብፅ ቡድን ነበር።

የኢትዮጵያ መንግሥት ባደረገው ምርመራ ሦስት ተጠርጣሪዎች ወደ ሱዳን መሸሻቸውን ገልጾ ተላልፈው እንዲሰጡት ካርቱምን ጠየቀ። ሱዳን ተፈላጊዎቹን ፈልጋ እንዳላገኘቻቸው መለሰች። በሁለቱ አገሮች መካከል የተደረገው ልውውጥ ፍሬ ባለማፍራቱ ጉዳዩ ወደ አህጉራዊው መድረክ ተሸጋገረ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1985 ዓ.ም. ካይሮ ላይ ያቋቋመው የግጭት መከላከያና መፍቻ ሥርዓት ማዕከላዊ አካል ጳጉሜን 6 ቀን 1987 ዓ.ም.፣ ኋላም በታኅሣሥ 1988 ዓ.ም. ሱዳን ተጠርጣሪዎቹን እንድታስረክብ ጥሪ አቀረበ። ይህም ሳይሰምር ሲቀር ኢትዮጵያ ጉዳዩን ለጸጥታው ምክር ቤት አቀረበች። ምክር ቤቱ ጥር 22 ቀን 1988 ዓ.ም. በውሳኔ ቁጥር 1044 የአህጉሩን ድርጅት ጥሪ በሙሉ ድምፅ ደገፈ። ሚያዝያ 18 ቀን በውሳኔ ቁጥር 1054 ሌሎች አገሮች በየግዛታቸው ያሉትን የሱዳን ዲፕሎማቶች ቁጥርና ደረጃ እንዲቀንሱ፣ የባለሥልጣናቱንም ጉዞ እንዲገድቡ አዘዘ። ነሐሴ 10 ቀን ደግሞ በውሳኔ ቁጥር 1070 በሱዳን አውሮፕላኖች ላይ የበረራ ማዕቀብ አወጀ። በሁለቱ የማዕቀብ ውሳኔዎች ላይ ሩሲያና ቻይና ድምፅ ከመስጠት ተቆጥበዋል። የበረራ ማዕቀቡ ግን በሕዝቡ ኑሮ ላይ የሚያስከትለው ጉዳት አሳሳቢ ሆኖ በመገኘቱ ከቶ ሥራ ላይ አልዋለም።

ወደ ሸሪዓው እንመለስ። የፊቅህ ሊቃውንት የመንግሥታትን ግንኙነት «ሲየር» በሚባለው የዕውቀት ዘርፍ አጥንተዋል። ከሐነፊዮች የኢማም ሙሐመድ አሽ-ሸይባኒ ድርሳናትና የሰረኽሲ ማብራሪያ፣ ከሻፊዒዮች የኢማሙ «አል-ኡም» በዚህ ረገድ የታወቁ ናቸው። መዝሀቦቹ በዝርዝር ቢለያዩም በአንድ መሠረት ይስማማሉ፤ ይኸውም በአማን፣ ማለት በደኅንነት ቃል ኪዳን፣ ወደ አንድ አገር የገባ ሙስሊም የዚያን አገር ሰዎች ሕይወትም ሆነ ገንዘብ መድፈር አይፈቀድለትም የሚለው ነው። አማን ለሁለቱም ወገን ነው፤ እርሱን እንደሚጠብቀው ሁሉ ሌሎችንም ከእርሱ ይጠብቃል። በዘመናችን ቪዛና የመግቢያ ፈቃድ ይህንኑ ቃል ኪዳን እንደሚተኩ በርካታ የዘመኑ ሊቃውንት ያስረዳሉ። ስለሆነም በኢትዮጵያ ፈቃድ ገብቶ፣ በከተማይቱ ተቀምጦ፣ በጎዳናዋ ላይ ተኩስ መክፈት በዒላማው ማንነት የሚጸድቅ አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሐሰተኛውን የሙሰይሊማን መልእክተኞች እንኳ፣ የተናገሩት ከባድ ክሕደት ሆኖ ሳለ፣ መልእክተኛ አይገደልምና ብለው አሰናብተዋቸዋል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የጥገኝነት ነው። ከመካከላችን «ተሰደው የመጡትን ሙስሊሞች አሳልፎ መስጠት ይገባልን?» ብሎ የሚጠይቅ አይታጣም። ለዚህ ጥያቄ ከኢትዮጵያዊ የቀረበ መላሽ የለም። ቁረይሾች ዐምር ኢብኑል ዓስንና ዐብደላህ ኢብኑ አቢ ረቢዓን እጅ መንሻ አስይዘው ወደ ሐበሻ በላኩ ጊዜ ነጃሺ ስደተኞቹን አሳልፎ አልሰጠም። ሆኖም እምቢታውን የሰጠው ሁለቱን ወገኖች ፊት ለፊት አቅርቦ፣ ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጣሊብን አዳምጦ፣ ሰዎቹ ደም ያላፈሰሱ፣ የሰው ገንዘብ ያልወሰዱ፣ በእምነታቸው ብቻ የተሳደዱ መሆናቸውን ካረጋገጠ በኋላ ነው። የነጃሺ ፍርድ የተበደለን የሚያስጠልል እንጂ ተጠርጣሪን ከምርመራ የሚሰውር አልነበረም። በሌላ በኩል በስድስተኛው ዓመተ ሂጅራ የሑደይቢያ ስምምነት ሲፈረም፣ ምንም ወንጀል ያልነበረበት አቡ ጀንደል በስምምነቱ መሠረት ወደ አባቱ ተመልሷል፤ አቡ በሲርም ወደ መዲና ሸሽቶ ቢመጣ በመዲና እንዲቆይ አልተፈቀደለትም። ለቃል ኪዳን ሲባል የተበደለ እንኳ ከተመለሰ፣ በነፍስ ግድያ የተጠረጠረን ወደ ፍርድ ማቅረብ ከዚያ ይበልጥ ተገቢ መሆኑ ግልጽ ነው። የአንፋል ሱራም በሃይማኖት ወንድም የሆኑትን መርዳት ግዴታ መሆኑን ካወሳ በኋላ፣ ቃል ኪዳን ባላቸው ሕዝቦች ላይ ሲሆን ይህን ግዴታ ይገድባል።

በሑጁራት ሱራ የተደነገገው የሽምግልና ሥርዓትም ለዚህ ውይይት መለኪያ ይሆነናል። አንቀጹ የወረደው ስለ ተጋጩ አማኞች ቢሆንም የያዘው ቅደም ተከተል ለመንግሥታት ሥራም ትምህርት ይሰጣል፤ በመጀመሪያ ማስታረቅ፣ ወሰን ያለፈ እንደሆነ በአንድነት መግታት፣ ሲመለስም በፍትሕ ማስማማት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ኒው ዮርክ ያመራው ጉዳይ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደረጃዎች ተከትሏል። ሦስተኛው ደረጃ ግን ዘገየ። ከሳሽ የነበረችው ኢትዮጵያና ጥቃቱ በመሪዋ ላይ የተቃጣባት ግብፅ ማዕቀቡ እንዲነሣ ከደገፉ በኋላ እንኳ ምክር ቤቱ በውሳኔ ቁጥር 1372 ያነሣው መስከረም 18 ቀን 1994 ዓ.ም. ነበር።

በዚህ ሥርዓት ላይ የሚሰነዘረው ወቀሳ መሠረት የለውም አንልም። በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን ስትወር የመንግሥታቱ ማኅበር ማዕቀብ ቢጥልም ነዳጅን ሳይጨምር ቀርቷል፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይም ማዕቀቡን አንሥቷል። ሥርዓቱ በኃያላን ላይ ሲላላ፣ በደካሞች ላይ ሲጠብቅ ታይቷል። ነገር ግን የፍርድ አለመመጣጠን ፍርድን እንድናስተካክል እንጂ ቃል ኪዳንን እንድናፈርስ ምክንያት አይሆነንም። አማንን የሚያፈርስ ሰው ኃያላኑን አይጎዳም፤ የሚጎዳው በየጎረቤቱ በአማን የሚኖረውን ተራ ሙስሊም ነው። የዚያ ዓይነት ድርጊት በተፈጸመ ቁጥር በጥርጣሬ የሚታየው ከድርጊቱ ጋር አንዳች ግንኙነት የሌለው ሰጋጅ ነው።

ድርጊቱን የፈጸመው ቡድን በእስር ላይ የነበሩ መሪዎች በ1989 ዓ.ም. የኃይል እርምጃ እንዲቆም ጥሪ አቅርበዋል፤ ከዚያም በኋላ የቀድሞ አቋማቸውን በሸሪዓ ማስረጃ የሚያርሙ መጻሕፍት አሳትመዋል። እርማቱ መምጣቱ መልካም ነው፤ የመጣው ግን ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ ነው። የመድረሳዎቻችን ተግባር ትምህርቱ ከደሙ እንዲቀድም ማድረግ ነው። የጂሃድ ምዕራፍ ሲቀራ የአማንና የቃል ኪዳን ምዕራፍ አብሮ ይቀራ፤ የነጃሺ ታሪክ ሲነገር ስደተኞቹን ማስጠለሉ ብቻ ሳይሆን አስቀድሞ መመርመሩም ይነገር። ወላሁ አዕለም።