የማን ዓመት?

ጥር 2017 ዓ.ም. ነበር። እሑድ ከሰዓት በኋላ እናቴን ልጠይቅ ሄጄ፣ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ከራስጌዋ ከምታስቀምጠው ጠረጴዛ ላይ የደም ግፊት መድኃኒቷን ካርቶን አንሥቼ አገላበጥሁት። ከጎኑ፣ በጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች የተጻፈ ቁጥር አለ፤ 11/2024 ይላል።

«እማዬ፣ ይኼ መድኃኒት እኮ ጊዜው አልፎበታል» አልኋት።

መነጽሯን አጥልቃ፣ ካርቶኑን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግታ አነበበችው። «ምን ነካህ ልጄ? ዐሥራ አንደኛው ወር ሐምሌ አይደለም እንዴ? ሐምሌ 2024። ገና ሰባት ዓመት ከመንፈቅ ይቀረዋል» አለችኝ።

እናቴ ማንበብ አልተሳናትም። ቁጥሩን በትክክል አንብባለች፤ ስሌቷም አልተዛነፈም። ከአንድ ነገር በቀር ሁሉም ልክ ነበር፤ ካርቶኑ የሚናገረው ስለ ሌላ ሰው ዓመት ነው። ያ «11» ሐምሌ ሳይሆን የፈረንጆቹ ኖቬምበር ነው፤ ያም በእኛ ኅዳር 2017 ዓ.ም. አልቆ፣ መድኃኒቱ ቀኑ ካለፈ ሁለት ወር ሊሞላው ምንም አልቀረውም። ከቀድሞው የተረፈውን ቆጥባ አስቀምጣው ኖሯል። ያን ቀን ካርቶኑን በኪሴ ይዤ ወጣሁ፤ ጥያቄው ግን እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

እኔ የባንክ ጸሐፊ ነኝ። በየማለዳው የመጀመሪያ ሥራዬ የቀን ማኅተሙን ጥርስ አንድ እርምጃ ማዞር ነው። ደንበኛው በእኛ ዘመን ይጽፋል፤ ኮምፒዩተሩ በፈረንጅ ይመልሳል። ቀን የተመታበት ወረቀት ምን ያህል ኃይል እንዳለው በዕለት እንጀራዬ አውቀዋለሁ። እንግዲህ ይህ በዕቃ ላይ ቀን የመምታት ልማድ ከየት መጣ ብዬ የቆፈርሁትን፣ ለውድ አንባብያን በአጭሩ ላካፍል።

ነገሩ ከፋብሪካ እጅግ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1922 የቱታንክሃሙን መቃብር በተከፈተ ጊዜ፣ ከወርቁና ከአልጋው ጋር የወይን ጠጅ ጋኖች ተገኝተዋል። በብዙዎቹ ትከሻ ላይ በቀለም የተጻፈ ማስታወሻ ነበረ፤ ወይኑ የተጠመቀበት ዓመት፣ የወይን ቦታው፣ የጠማቂዎቹም አለቃ ስም። ዓመቱ የሚቆጠረው ንጉሡ ከነገሠበት ጀምሮ ነውና «ዓመት 4»፣ «ዓመት 5»፣ «ዓመት 9» ይላሉ። ከመካከላቸው ግን አንዱ ጋን «ዓመት 31» ይላል። ወጣቱ ንጉሥ የነገሠው ዐሥር ዓመት ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ሊቃውንቱ ያ ጋን ከእርሱ በፊት ረጅም ዘመን የገዛው የሣልሳዊ አሜንሆቴፕ መሆን አለበት ብለው ያምናሉ። ጸሐፊው የንጉሡን ስም አልጨመረም፤ በዘመኑ ለሚኖር ሰው «የማን ዓመት?» የሚል ጥያቄ አይነሣምና። ከሦስት ሺሕ ዓመት በኋላ ለመጣው አንባቢ ግን ቁጥሩ ብቻውን እንቆቅልሽ ሆነ።

ሮማውያንም እንዲሁ ያደርጉ ነበር። በሮም ከተማ ሞንቴ ቴስታቾ የሚባል ኮረብታ አለ፤ ቁመቱ 35 ሜትር ያህል ሲሆን የተሠራው ከአፈር ሳይሆን ከተሰበረ ገል ነው። አብዛኛው ከዛሬዋ ስፔን የወይራ ዘይት ያመጡ እንስራዎች ስባሪ ነው። በገሎቹ ላይ የዘይቱ ክብደትና የነጋዴው ስም በቀለም ተጽፎ ይገኛል፤ ዓመቱም የተመለከተው በዚያ ዓመት በተሾሙት ሁለት ቆንስሎች ስም ነው። እኛ «ዘመነ ማቴዎስ»፣ «ዘመነ ማርቆስ» እያልን ዓመቱን በወንጌላውያን ስም እንደምንጠራው ማለት ነው። ዓመት የሚታወቅበት ስም ያስፈልገዋል፤ ስሙን የሚያውቀው ደግሞ የአገሩ ሰው ነው።

የቆርቆሮና የፋብሪካ ዘመን ሲመጣ ምግብ የሠራውና የሚበላው ሰው ፈጽሞ ተራራቁ። ወተቱን ያለበችውን ሴት ፊት አይቶ መግዛት ቀረ። ፋብሪካዎችም በማሸጊያቸው ላይ ምልክት ይመቱ ጀመር፤ ምልክቱ ግን ለገዢው የታሰበ አልነበረም። ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት፣ ፋብሪካውና ባለመደብሩ ብቻ የሚፈቱት ምሥጢር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአሜሪካ ሸማቾች ይህን በመቃወም ተነሡ፤ በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት የምሥጢር ቁጥሮቹን ፍቺ የያዘ መጽሐፍ እስከ መታተም ደረሰ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1978 የአውሮፓ የጋራ ገበያ አባል አገሮች ባወጡት መመሪያ፣ የታሸገ ምግብ እስከ መቼ እንደሚቆይ ገዢው በሚያነበው መልክ እንዲጻፍበት ደነገጉ። ቀኑ ከባለፋብሪካው ምሥጢርነት ወጥቶ ለማናውቀው ገዢ የሚሰጥ ቃል ሆነ ማለት ነው።

ነገር ግን ያን ቃል ማን ይጻፈው? በሚሮጥ ቀበቶ ላይ ለሚያልፍ እርጥብ ጠርሙስ፣ ለጎባጣ ቆርቆሮ፣ ለስስ ፕላስቲክ፣ እንደ እኔ የጎማ ማኅተም ይዞ መቆም አይቻልም። ዕቃውን ሳይነካ የሚጽፍ ብዕር አስፈለገ።

የዚያ ብዕር የዘር ሐረግ ረጅም ነው። በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው ዊልያም ቶምሰን እ.ኤ.አ. በ1867 ከባሕር በታች በተዘረጋው የቴሌግራፍ ሽቦ የሚመጣውን ደካማ ምልክት ለመመዝገብ፣ ወረቀቱን ሳይነካ ቀለም የሚያንጠባጥብ መሣሪያ በስሙ አስመዘገበ። እ.ኤ.አ. በ1878 ደግሞ ሎርድ ሬይሊ ከቀዳዳ የሚወጣ ቀጭን ፈሳሽ ለምን ወደ ጠብታ እንደሚበጣጠስ በሒሳብ አሳየ። ከዚያም ሩኔ ኤልምክቪስት የተባለ ስዊድናዊ ሐኪምና መሐንዲስ የሕክምና ምልክቶችን በወረቀት ላይ በቀለም ጄት የሚመዘግብ መሣሪያ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1951 የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘበት። ይኸው ሰው ነው እ.ኤ.አ. በ1958 በስቶክሆልም ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ገላ ውስጥ የተቀበረውን የልብ ምት ማስተካከያ የሠራው። የእናቴን ካርቶን የጻፈው መሣሪያ ቅድመ አያት የሰው ልብ ከሚያሳስበው ሰው እጅ መውጣቱን ሳነብ፣ መጽሐፉን ለጥቂት ጊዜ አስቀምጬው ነበር።

ዛሬ በየፋብሪካው ያለው መሣሪያ መሠረቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ከሪቻርድ ስዊት ሥራ ነው። አሠራሩም እንዲህ ነው። ቀለሙ በግፊት ከጠጉር ውፍረት ጋር ከሚቀራረብ ቀዳዳ ይወጣል። በሰከንድ ብዙ ዐሥር ሺሕ ጊዜ የሚንቀጠቀጥ ክሪስታል እኩል እኩል ወደሆኑ ጠብታዎች ይከፋፍለዋል። ለመጻፍ የተመረጠው ጠብታ ከጅረቱ ሲለይ የኤሌክትሪክ ሙል ይሰጠዋል፤ ከዚያ ከፍተኛ ቮልቴጅ ባላቸው ሁለት ሳህኖች መካከል ሲያልፍ እንደ ሙሉ መጠን ከመንገዱ ዘወር ብሎ በሚያልፈው ዕቃ ላይ ያርፋል። ሙል ያልተሰጠው ጠብታ ቀጥ ብሎ ሄዶ ከፊቱ ወዳለው መቀበያ ይገባና ወደ ቀለም ማጠራቀሚያው ይመለሳል። ከወጡት መካከል አብዛኞቹ ሳይጽፉ ይመለሳሉ፤ ተመልሰውም ተራቸውን ይጠብቃሉ። ይህን አሠራር ወደ ገበያ ያወጣው የቺካጎው ኤ.ቢ. ዲክ ኩባንያ ነው። ኩባንያው ቀድሞ የሚታወቀው ስቴንስል በሚያባዛው ማሽን፣ በሚሚዮግራፍ ነበር፤ የእኛም አገር ተማሪዎች በ1960ዎቹ ዓ.ም. ወረቀታቸውን ያባዙበት የነበረው የማባዣ ዓይነት መሆኑን ልብ ይሏል።

ቀለሙ በቅጽበት የሚደርቀው በፍጥነት በሚተን ፈሳሽ ስለሚበጠበጥ ነው። ያው ዓይነት ፈሳሽ መልሶ ያስለቅቀዋል፤ ቀን ፍቀው አዲስ ቀን የሚመቱ ሰዎችም ይህን ያውቃሉ። ስለዚህ ብዙ ፋብሪካዎች ቀለም ትተው በጨረር ወደሚጽፍ መሣሪያ አዘንብለዋል። ኩማር ፓቴል እ.ኤ.አ. በ1964 በቤል ላቦራቶሪ የፈለሰፈው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር የማሸጊያውን ገጽ ራሱን አቃጥሎ ይጽፋል፤ እንዲያ ያለውን ጽሑፍ በጨርቅ ጠርጎ ማጥፋት አይቻልም።

እነሆ፣ ሰው ቀኑ እንዳይነካ፣ እንዳይፋቅ፣ እንዳይደበዝዝ ይህን ሁሉ ደከመ። ሆኖም እናቴ ቤት የገባው ካርቶን ላይ ቁጥሩ ጥርት ብሎ ይነበብ ነበር፤ አልተፋቀም፣ አልደበዘዘም። የጎደለው ያ የግብፁ ጋን የጎደለው ነው። «ዓመት 31»፤ የማን? «11/2024»፤ የማን? «እ.ኤ.አ.» የምትለው አጭር ምልክት ከጎኑ ብትኖር፣ እናቴ ሰባት ዓመት ከመንፈቅ አትሳሳትም ነበር። ቀን ለማናውቀው ሰው የሚሰጥ ቃል ከሆነ፣ ሰውየው በሚቆጥርበት ዘመን ካልተነገረው ቃሉ ግማሽ ቃል ነው። በአገራችን በሁለት ዘመን የሚቆጥር ሕዝብ ሳለ፣ ይህች ሦስት ፊደል ትንሽ ነገር አይደለችም።

ከዚያ ወዲህ አዲስ መድኃኒት በገዛሁላት ቁጥር፣ ቤቷ ከመድረሱ በፊት ከባንኩ ጠረጴዛዬ ላይ እስክሪብቶ አንሥቼ ከነጠብጣቦቹ በታች በእጄ እጽፍበታለሁ፤ «እስከ ሚያዝያ 2018 ዓ.ም. ብቻ» እላለሁ። ባለፈው ካርቶኑን አገላብጣ አየችና፣ «ይኼ የአንተ ጽሕፈት አይደል? አሁን ገና ሰው የጻፈው መሰለ» ብላ ከራስጌዋ አስቀመጠችው።