የላፕቶፕ ግራፊክስ ካርድ መጋል

የላፕቶፕ ግራፊክስ ካርድ መጋል ማለት የኮምፒውተሩን ምስል የሚያዘጋጀው ቺፕ የሚያመነጨው ሙቀት ማቀዝቀዣው ሊያስወጣው ከሚችለው በላይ ሲሆን የሚፈጠር ችግር ነው። በብዛት የሚታየው በጌም ላፕቶፖች ላይ ነው። እንደ ላሊበላ ባሉ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላቸው ደጋማ ቦታዎች ችግሩ የራሱ መልክ አለው፤ አየሩ ቀዝቃዛ ቢሆንም የሳሳ ነውና።

ሙቀቱ የሚወጣበት መንገድ

ግራፊክስ ካርድ የሚወስደው የኤሌክትሪክ ኃይል ከሞላ ጎደል ሁሉም ወደ ሙቀት ይለወጣል። በጌም ላፕቶፖች ይህ ኃይል እንደ ሞዴሉ ከጥቂት አሥር ዋቶች ተነሥቶ 150 ዋትና ከዚያም በላይ ይደርሳል። በቺፑ ላይ የተቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት (ቴርማል ፔስት) ሙቀቱን ለመዳብ ሳህን ያስተላልፋል። ከሳህኑ የሚነሡ የታሸጉ የመዳብ ቱቦዎች በውስጣቸው ጥቂት ፈሳሽ፣ አብዛኛውን ጊዜ ውሃ፣ ይይዛሉ፤ ፈሳሹ በጋለው ጫፍ ይተንና በቀዝቃዛው ጫፍ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። በመጨረሻም ፋኑ በስስ የብረት ክንፎች መካከል አየር እየነፋ ሙቀቱን ወደ ውጭ ያስወጣዋል። በብዙ ላፕቶፖች ግራፊክስ ካርዱና ዋናው ፕሮሰሰር እነዚህን ቱቦዎች ስለሚጋሩ አንዱ ሲግል ሌላውም ይግላል።

ቺፑ ወሰኑ ላይ ሲደርስ ራሱን ለመከላከል ፍጥነቱን ይቀንሳል። የብዙ ላፕቶፕ ግራፊክስ ካርዶች ወሰን በ87 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው፤ በጌም ጊዜ 75 ወይም 80 ዲግሪ ማሳየት ብቻውን የብልሽት ምልክት አይደለም። ትክክለኛው ምልክት ጌሙ በጥሩ ፍጥነት ጀምሮ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ መንቀርፈፉ፣ የፋኑ ጩኸት መበርታቱና ሲብስም ኮምፒውተሩ በድንገት መጥፋቱ ነው። በዊንዶውስ 10 እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ በወጡ ስሪቶች የግራፊክስ ካርዱን ሙቀት በታስክ ማናጀር ማየት ይቻላል።

የከፍታ ተጽዕኖ

በ2,500 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ፋኑ በአንድ ዙር የሚገፋው የአየር ይዘት ባይለወጥም በዚያ ይዘት ውስጥ ያለው አየር መጠኑ በሩብ ያህል ያንሳል፤ የሚሸከመው ሙቀትም እንዲሁ። በባሕር ወለል በማቀዝቀዣው ሲያልፍ በ15 ዲግሪ የሚሞቅ አየር፣ ሌላው ሁሉ እኩል ከሆነ፣ በላሊበላ በ20 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል። የአሜሪካ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር (አሽሬ) ለመረጃ ማዕከላት ባወጣው መመሪያ ለአንዳንድ የመሣሪያ ክፍሎች ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ የሚፈቀደው የአየር ሙቀት በ1 ዲግሪ እንዲቀነስ የተደረገው በዚሁ ምክንያት ነው። በዚህ ስሌት በባሕር ወለል እስከ 35 ዲግሪ የተፈቀደለት መሣሪያ በላሊበላ ከፍታ የሚፈቀድለት 30 ዲግሪ ያህል ነው።

በደጋ ሽሮና ምስር ቶሎ የማይበስለው ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ነው፤ በላሊበላ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይህ ግን የላፕቶፑን የሙቀት ቱቦ አይነካውም። ቱቦው የታሸገ ስለሆነ በውስጡ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ጋር አይገናኝም። ከፍታው የሚያዳክመው የመጨረሻውን ደረጃ፣ ማለትም የፋኑን ሥራ ብቻ ነው።

በደህና የተያዘ ላፕቶፕ በላስታ ደጋ ከሰመራ የተሻለ ይሠራል፤ የአፋሩ ቆላ አየር ጥቅጥቅ ያለ ቢሆንም በበጋም በክረምትም እጅግ ሞቃት ነው። ሆኖም የደጋው ብርድ ተጠቃሚውን ያዘናጋል። ክፍሉ ስለቀዘቀዘ ብቻ ማሽኑም ይቀዘቅዛል ተብሎ ላፕቶፑ አልጋ ላይ፣ በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ላይ ይቀመጣል፤ የታችኛው የአየር መግቢያም ይዘጋል። በበጋ ወራት የሚነሣው አቧራ ከማገዶና ከከሰል ጭስ ጋር ተደባልቆ በክንፎቹ መካከል እንደ ስስ ጨርቅ ይጋገራል። ፋኑ ከሳሳ አየር ጋር ስለሚታገል ይህ ሁሉ እዚህ ከቆላው ይልቅ ዋጋ ያስከፍላል። አዲስ አበባም በአማካይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ጉዳዩ የላስታ ብቻ አይደለም።

የሚደርሰው ጉዳት

በየጊዜው መጋልና መቀዝቀዝ ቺፑን ከሰሌዳው ጋር የሚያያይዙትን ጥቃቅን የብየዳ ነጥቦች ያደክማል። በጣም የታወቀው ምሳሌ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2008 ኤንቪዲያ በአንዳንድ የላፕቶፕ ግራፊክስ ቺፖቹ ማሸጊያ ላይ በተገኘ ድክመት ምክንያት ለጥገናና ለመተኪያ ከ150 እስከ 200 ሚሊዮን ዶላር እንደሚመድብ ያስታወቀበት ነው። በላፕቶፕ ላይ ግራፊክስ ካርዱ አብዛኛውን ጊዜ ከዋናው ሰሌዳ ጋር የተበየደ በመሆኑ ለብቻው አይቀየርም፤ ሲበላሽ ሙሉ ሰሌዳ መፈለግ ግድ ይሆናል። የሞተን ሰሌዳ በሙቅ አየር አሙቆ «ማስነሣት» አንዳንድ ጊዜ ይሳካል፣ ነገር ግን የተሰነጠቀው ግንኙነት ብዙ ሳይቆይ ይመለሳል። ለዚህ ገንዘብ መክፈል የሚያዋጣው በውስጡ ያለውን ሥራ ገልብጦ ለማውጣት ሲባል ብቻ ነው።

መከላከያ

ቀላሉ እርምጃ ላፕቶፑን በጠንካራና ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስቀምጦ የኋላውን ጠርዝ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ማድረግ ነው። ቀጥሎ ሙቀቱን ከምንጩ መቀነስ ይመጣል። በጌሙ ማስተካከያ የምስሎቹን ብዛት በሰከንድ 60 ወይም 40 ላይ መገደብ፣ የጥላና የነጸብራቅ ጥራት ዝቅ ማድረግና የዋናውን ፕሮሰሰር ከፍተኛ ፍጥነት መቀነስ ብዙ ጊዜ ከማቀዝቀዣ ማስቀመጫ ግዢ የተሻለ ውጤት ይሰጣል። ይህ ለጌም ብቻ አይደለም። የኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ የዛማኒ ፕሮጀክት የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በሌዘር እንዳነሣው ያለ ባለ ሦስት ገጽታ ሥራም ግራፊክስ ካርዱን በዚያው መጠን ያስጨንቃል።

አቧራ ሲጸዳ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ከኤሌክትሪክ ይነቀላል፣ የሚቻል ከሆነም ባትሪው ይለያል። የፋኑ ክንፍ እንዳይሽከረከር በስንጥር ተይዞ በለስላሳ ብሩሽና በአጭር አጭር የአየር ግፊት ይጠረጋል። የጎሚስታ ኮምፕሬሰር መጠቀም አይመከርም፤ ግፊቱ ፋኑን ሊሰብር ይችላል፣ ከጋኑም ውሃና ዘይት ይዞ ይወጣል። ቅባቱ ሲደርቅ አሮጌው በአልኮል ተጠርጎ አዲስ በስሱ ይቀባል። በምትኩ የጥርስ ሳሙና መቀባት ለጊዜው የሠራ ቢመስልም ቶሎ ይደርቃል። ፈሳሽ ብረት የሚባለው ዓይነት ሙቀትን በጣም ያስተላልፋል፤ ሆኖም ኤሌክትሪክንም ስለሚያስተላልፍና አሉሚኒየምን ስለሚበላ ልምድ ለሌለው ሰው አደገኛ ነው።