ጀፎረና ኮልፌ

በ1962 እ.ኤ.አ. ኔልሰን ማንዴላ አዲስ አበባ ውስጥ ኮልፌ በነበረው የፖሊስ ጦር ሰፈር ወታደራዊ ሥልጠና ወሰዱ። የሕይወት ታሪካቸው የኮልፌን ስም ለዓለም አደረሰ፤ እንግዳው የጻፉት ግን ስለ ተኩስና ስለ ጉዞ ልምምድ ነው። ከመርካቶ በስተምዕራብ የሰፈረው የጉራጌ ሰው ምን ትቶ እንደመጣ የሚነግረን ሌላ መጽሐፍ ነው፤ እሱም ሁለት ዓመት ቆይቶ ታተመ።

ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም የሺነጋን መንደር ታሪክ የጻፉት ለጽሑፍ እምብዛም ባልዋለው በቸሃ ቋንቋ ነው። ቮልፍ ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ መልሰውት በ1964 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ወጣ። በ1969 እ.ኤ.አ. ደግሞ ደራሲው ራሳቸው በእንግሊዝኛ የጻፉት «አፈርሳታ» ተከተለ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። «አፈርሳታ» ልብ ወለድ ነው፤ በውስጡ ውድማ የተባለውን ስፍራ በካርታ ላይ አልፈልግም፣ የባለታሪኩን የናማጋን ጎጆ መቃጠልም እንደ ደረሰ ነገር አልመዘግብም። አፈርሳታው ግን እውነተኛ ሥርዓት ነበር፤ አውጫጭኝም ይባላል። ወንጀለኛው ሲሰወር የአካባቢው ወንድ ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፣ የቀረ ይቀጣል፣ ሰው እየማለ የሚያውቀውን ያወጣል፤ ካልተገኘ ጉዳቱን ሕዝቡ ያዋጣል። የሕግ ጽሑፍ ደንቡን ይነግረናል። ገበሬው ሥራ ፈትቶ የዋለበትን ቀን፣ ጎረቤት ጎረቤቱን የጠረጠረበትን ዐይን የሚያሳየን ግን ልብ ወለዱ ነው። እኔ ይህንን ከማስረጃ እቆጥረዋለሁ።

ሣህለ ሥላሴ የጻፉት የጉራጌ መንደር የዳር አገር ታሪክም ተሸክሟል። የሰሜኑ ጉራጌ ክስታኔዎች ለምኒልክ በሰላም ሲገቡ ምዕራቡ ጉራጌ ተዋጋ፤ የቀቤናው ሐሰን እንጃሞ ተቃውሞ በራስ ጎበና ዳጬ ጦር የተሰበረው በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ነው። ገባርነትና ግብር ተከተሉ። ጉራጌን ያጠኑት ዊሊያም ሻክ በ1966 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሥራ እንደሚያስረዱት ግብሩ በገንዘብ ሲጠየቅ ወንዱ ለቀን ሥራ አዲስ አበባ መውረድ ያዘ። መውጣት የቻለውም እንሰት ስላለ ነው፤ ለመድረስ ዓመታት ቢፈጅም ድርቅ ይችላል፣ ቆጮው ጉድጓድ ውስጥ ይቆያል፣ ቤቱንም ሴቷ ይዛ ታቆየዋለች። የከተማው ታሪክ ነጋዴውን ሲያሞግስ እሷን መርሳቱ ያሳዝነኛል።

ሌላም አገር ተራራ ያፈራው እንዲህ ያለ ድርሰት አለ። በአሜሪካ ኬንታኪ የተወለደችው ሃሪየት አርኖው በ1954 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ልብ ወለድ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ከአፓላቺያ ተራሮች ወደ ዲትሮይት ፋብሪካዎች የፈለሰችን እናት ተከትላለች። የእኛ ደራሲ መንደሩን ጽፈውታል፤ ከጀፎረው፣ ከጉራጌ መንደር ሰፊ የሣር ጎዳና፣ ተነስቶ ኮልፌ የደረሰው መንገድ ግን ገና አርኖውን ይጠብቃል።

መንገዱን በእግራቸው የመጡ አባቶችና ቤት ጠባቂ የነበሩ እናቶች ዛሬም በኮልፌ አሉ። በመስቀል አገር ቤት ስትገቡ፣ ወይም እዚሁ ቡና ተፈልቶ ስትቀመጡ፣ ጠይቋቸው፤ የነገሯችሁንም በተናገሩበት ቋንቋ ጻፉት።