የላቲን ትምህርት ቤት በሩን ለማን ከፈተ?

ባለፈው የእድራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ አንድ ነገር ተነስቶ ሳንቋጨው መበተናችን ይታወሳል። ይኸውም የእድሩ ቤት ድንኳንና ወንበር ከማስቀመጥ በቀር ተዘግቶ ስለሚውል፣ ለኮሌጅ ፈተና የሚዘጋጁ የሰፈራችን ልጆች ማታ ማታ ይማሩበት የሚለው ነው። ግማሹ «ይበጃል» አለ፤ ግማሹ «እድርን ከቀብር ሌላ ምን አገባው» አለ። እኛም ነገሩን ከታሪክ ብናየው ይሻላል ብለን፣ በውጭ አገር የካቶሊኮች ልጆች ለኮሌጅ ይዘጋጁበት ስለነበረው የጥንት ትምህርት የምናውቀውን በዚህች አጭር ጽሑፍ አቅርበናል። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ ጎልማሳ ነው። ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ የስፔን ወታደር ነበር፤ በ1521 እግሩን ቆስሎ ውትድርናውን ተወ። በ1524 ባርሴሎና ከተማ ከልጆች ጋር ወንበር ተጋርቶ የላቲን ሰዋስው መማር ሲጀምር ዕድሜው ከሠላሳ አልፎ ነበር። ምን ያድርግ? ያኔ ላቲን ያላወቀ ሰው ዩኒቨርሲቲ አይገባም። በኋላ የኢየሱሳውያንን ማኅበር አቋቋመ፤ ማኅበሩም በ1540 በፓፓው ጸደቀ። በ1548 በሲሲሊ ደሴት፣ በመሲና ከተማ የመጀመሪያውን ትልቅ ኮሌጃቸውን ከፈቱ። ተማሪው አይከፍልም ነበር፤ ወጪውን ከተማው ወይም ባለጸጋ ይችል ነበር። ይህን ልብ በሉልን፣ በኋላ እንመለስበታለን።

በ1599 ማኅበሩ ለትምህርት ቤቶቹ ሁሉ አንድ ደንብ አወጣ። ልጁ በመጀመሪያ ሦስት የሰዋስው ክፍሎችን ያልፋል፤ ከዚያ የሥነ ጽሑፍ ክፍል፣ በመጨረሻም የንግግር ጥበብ ክፍል ይከተላሉ። ፍልስፍና የሚመጣው ከነዚህ በኋላ ነው። መምህሩ ከሲሴሮ ወይም ከቨርጂል ጥቂት መስመር አንብቦ ይተረጉማል፤ ልጁ በቃሉ ይይዛል፣ ይደግማል፣ ከዚያ ራሱ አስመስሎ ይጽፋል። በብዙ ቦታም ክፍሉ «ሮማ» እና «ካርታጎ» ተብሎ ለሁለት ይከፈልና ልጆቹ በጥያቄ ይፋጠጣሉ።

ታዲያ ይህ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ነገር ነው እንዴ? የቅኔ ቤቱ ተማሪ እኮ ግሱን አጥንቶ፣ ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ድረስ እየቆጠረ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል። ቋንቋው ግእዝ ይሁን ላቲን፣ መንገዱ ግን አንድ ነው፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ይህ ትምህርት ባሕር ተሻግሮ ካናዳ፣ ኩቤክ ገባ። እዚያ ኢየሱሳውያኑ በ1635 ትምህርት ቤት ከፈቱ። ኋላም የፈረንሳይኛ ተናጋሪ ካቶሊኮች ኮሌጆች ትምህርቱን የስምንት ዓመት አደረጉት፤ ስድስቱ በላቲንና በሥነ ጽሑፍ፣ ሁለቱ በፍልስፍና ያልፋሉ። ከእነዚህ ካቶሊኮች ሐኪም፣ ጠበቃ ወይም ካህን መሆን የፈለገ በዚህ በር ማለፍ ነበረበት። ሆኖም ግን ኮሌጆቹ ያስከፍሉ ነበር። የገበሬውና የወዛደሩ ልጅ የአጥቢያው ቄስ አይቶ ካልረዳው በቀር ከደጅ ይቀር ነበር። ለሴቶች ልጆችማ እንዲህ ያለ ኮሌጅ በሞንትሪያል የተከፈተው በ1908 ነው። እንግዲህ በመሲና በነፃ የተጀመረው ትምህርት እዚህ ሲደርስ በአብዛኛው ላለው ሰው ልጅ ሆነ።

ሕዝቡም ይህን አልወደደውም። በ1960ዎቹ መንግሥት ትምህርቱን ከቤተ ክርስቲያን እጅ ተረከበ፤ በ1967 በእነዚያ ኮሌጆች ፈንታ ለሁሉ ክፍት የሆኑ ኮሌጆች ተጀመሩ፤ የመንግሥቶቹ ከክፍያ ነፃ ነበሩ። በሩ ተከፈተ፤ መልካም ሆነ። ላቲኑና ያ የቀስታ ትምህርት ግን አብረው ወጡ። ለዚህም የሚቆጩ አልጠፉም።

የእኛም አገር ከዚህ ታሪክ ድርሻ አለው። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ከኢየሱሳውያን ጋር በሃይማኖት ምክንያት ብዙ ደም ፈሷል፤ በ1632 ንጉሡ የአባቶችን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ ካህናቱም ከአገር ተባረሩ። በ1945 ግን ከዚያው ከኩቤክ የመጡ ኢየሱሳውያን በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጥሪ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትን ተረከቡ። የክህነት ልብሳቸውን ትተው፣ ሃይማኖት ሳይሰብኩ፣ በመምህርነት ብቻ። በ1950 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት መሪው ከእነሱ አንዱ ሉሲዬን ማት ነበሩ። ለላቲን የተሠራው ትጋት በእንግሊዝኛ ለእኛ አገር ልጆች ተረፈ ማለት ነው።

እኛ ከስድስተኛ ክፍል በቀጥታ መዝገብ ቤት የገባን ሰዎች ነን። ከዚያ በላይ የሚያስተምረን ዘመድ አልነበረንም። ጽሕፈት የተማርነው የረቀቅነው ደብዳቤ በቀይ ቀለም እየታረመ አራቴም አምስቴም ሲመለስልን ነው። ያኔ እንናደድ ነበር፤ ዛሬ ስናስበው ትምህርት ቤታችን ያ ነበር። ከደጅ መቅረት ምን እንደሆነ ግን እስከ ጡረታ ድረስ ዐውቀነዋል። ስንቱን የእድገት ማስታወቂያ አንብበን አለፍን!

ስለዚህ የእኛ ሐሳብ ይህ ነው። ላቲን ይምጣ አላልንም። የእድሩ ቤት ማታ ይከፈት፤ መብራቱን እድሩ ይቻል፤ ከመካከላችን የተማሩት ተራ ገብተው ልጆቹን ያስነብቡ፣ ያስጽፉ፣ ይረሙ። የእድርተኛው ልጅ ብቻ ሳይሆን መዋጮ መክፈል ያቃተው ጎረቤት ልጅም ይግባ፤ አለዚያ እኛም እንደ ኩቤኮቹ በር መዝጋታችን ነው። ለቅሶ በሆነ ዕለት ልጆቹ ራሳቸው ወንበሩን ያወጣሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የምንለው ለሬሳ ብቻ አይደለም። ውሳኔው የጉባኤው ነው፤ ፈጣሪ ያለፉትን ነፍስ ይማር፣ ያለነውን ያበርታን።