ሚቶ፦ የፕሪም አበባና የጥይት ቀዳዳ

የጃፓን አበባ ሲባል መቼም ለሁላችንም ቶሎ የሚመጣልን ቼሪ ነው። ጃፓኖች ግን ቼሪው ሳይፈነዳ፣ ገና በብርዱ፣ ካፖርታቸውን ደርበው ሊያዩት የሚወጡለት ሌላ አበባ አላቸው። ኡሜ ይሉታል። (የዕፅዋት ሰዎች ከፕሪም ይልቅ ለአፕሪኮት ይቀርባል ይላሉ፤ እኛ ግን ፕሪም ብለን እንቀጥል።)

በዚህ አበባ ስማቸው ከሚነሣ ከተሞች አንዷ ከቶኪዮ በስተሰሜን ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ሚቶ ናት። ካይራኩኤን የሚባለው መናፈሻዋ 100 ያህል ዓይነት፣ 3,000 ያህል የፕሪም ዛፎች አሉት። በዓሉ የተጀመረው በ1896 ነው (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ለበዓሉ ሰሞን ተብላ የምትከፈት ትንሽ የባቡር ጣቢያም አለች፤ ከቶኪዮ የሚመጣው ባቡር ይቆምባታል፣ ወደ ቶኪዮ የሚመለሰው ግን አልፏት ይሄዳል። ተመላሹ ወደ ዋናው ጣቢያ መሄድ ግድ ነው።

መናፈሻውን በ1842 የከፈተው የሚቶ ገዢ ቶኩጋዋ ናሪያኪ ነው። ስሙ ከሕዝብ ጋር አብሮ መደሰትን ያመለክታል፤ ሐሳቡ የተወሰደው ከቻይናዊው ፈላስፋ ከመንሲየስ ነው። ተራው ሰውም በተወሰኑ ቀናት ይገባ ነበር፤ ለዚያ ዘመን መስፍን ቀላል ነገር አይደለም።

ደግ ሰው ነበር ማለት ነው? ቆይ፣ አትቸኩል።

ናሪያኪ ፕሪም የተከለው ለአበባው ብቻ አልነበረም። ፍሬው በጨው ተነክሮ ፀሐይ ላይ ሲደርቅ ኡሜቦሺ ይሆናል፤ ለዓመታት ሳይበላሽ ይቀመጣል። በእኛ በሶና ቋንጣ እንደማለት ነው፦ ለክፉ ቀንና ለዘመቻ የሚሆን ስንቅ። ጃፓን በ1830ዎቹ ከባድ ረሃብ አሳልፋለች። ዘመቻውን ደግሞ ናሪያኪ ራሱ ይጠብቀው ነበር፤ የባዕድ መርከብ ይመጣል ብሎ የቡድሃ ቤተ መቅደሶችን ደወል እያቀለጠ መድፍ ያሠራ ሰው ነው። የሾጉኑ መንግሥት በ1844 ከሥልጣን አውርዶ በቁም እስር አስቀመጠው።

ከመናፈሻው አንድ ዓመት ቀድሞ በ1841 ኮዶካን የተባለ ትምህርት ቤት ከፍቶ ነበር። ሁለቱን አንድ ላይ ነው ያሰባቸው፤ ኮዶካን ደጋኑ የሚወጠርበት፣ ካይራኩኤን ደጋኑ የሚላላበት። ችግሩ የተወጠረው ላይ ነው። ንጉሠ ነገሥቱን አክብር፣ ባዕዱን አባርር የሚለው የሚቶ አስተምህሮ ወጣቶቹን አቀጣጠላቸው። በመጋቢት 1860 በረዶ ሲወርድ ከሚቶ የወጡ ሳሙራዮች የሾጉኑን ዋና ሹም ኢ ናኦሱኬን ኤዶ ቤተ መንግሥት በር ላይ ገደሉት። ናሪያኪም በዚያው ዓመት እንደታሰረ ሞተ።

በ1864 ደግሞ ሌሎች የሚቶ ሰዎች ሸፈቱ። አቤቱታቸውን ለናሪያኪ ልጅ ለዮሺኖቡ ለማድረስ በክረምት ተራራ እያቋረጡ ወደ ኪዮቶ ተጓዙ። የጌታችን ልጅ ይሰማናል ብለው ነበር። ዮሺኖቡ ጦር ይዞ ወጣባቸው። እጃቸውን ሰጡ፤ የዓሣ መጋዘን ውስጥ ታጎሩ፤ በ1865 መጀመሪያ 350 ያህሉ አንገታቸው ተቀላ። ሚቶ ውስጥም ተቀናቃኞቻቸው ቤተሰቦቻቸውን አልማሩም።

እኛ ጃፓንን የምናውቃት ከዚህ በኋላ ካለው ምዕራፍ ነው። የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥታችን ሲረቀቅ አርአያ የሆነው የሜይጂ ሕገ መንግሥት ነበር። የደረሰን ውጤቱ ነው፤ ሚቶ የከፈለችው ሒሳብ አልደረሰንም።

ዮሺኖቡ የመጨረሻው ሾጉን ሆነ። በ1868 ሥርዓቱ ሲወድቅ የተመለሰው አባቱ ወደከፈተው ወደ ኮዶካን ነው፤ እዚያ ራሱን ዘግቶ ተቀመጠ። እሱ ከወጣ በኋላ፣ በዚያው ዓመት፣ ሁለቱ የሚቶ ወገኖች ግቢው ውስጥ ተታኮሱ።

የፕሪም በዓሉ ኮዶካን ውስጥም ይከበራል፤ እዚያም በመቶ የሚቆጠሩ ዛፎች አሉ። ጎብኚው ካሜራውን ይዞ በዋናው በር በኩል ያልፋል። በሩ ላይ የ1868ቱ የጥይት ቀዳዳዎች ዛሬም አሉ።