የሚጥል በሽታ

«የሚጥል» የመጣው «ጣለ» ከሚለው ግሥ ነው። ስሙ ግን የበሽታውን አንድ መልክ ብቻ ይነግረናል፤ አካል ግትር ብሎ የሚንቀጠቀጥበትንና አረፋ የሚደፈቅበትን። ክፍል ውስጥ ለጥቂት ሴኮንድ ዓይኗ ፈዞ የምትቀር፣ ከዚያም ካቆመችበት የምትቀጥል ልጅስ? እሷን የጣላት ነገር የለም፤ ስለዚህ «ሐሳቧ አይሰበሰብም» ተብላ ትቀጣለች። አንድ እጁ ብቻ የሚርገበገብበት ሰውም አለ። ሌላው እንደቆመ አፉን እያላመጠ ልብሱን ይነካካል፤ ቢጠሩት አይመልስም። ሁሉም የአንጎል የኤሌክትሪክ መልእክት ሲዛባ የሚመጡ ናቸው። ብዙዎች ሐኪም ጋ ሳይደርሱ የሚቀሩት ስሙ ስለሚያሳስት ይመስለኛል።

ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ያካሄዱት፣ በ1990 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ከ1,000 ሰው 5 ያህሉ በሽታው እንዳለባቸው አሳይቷል።

ካዛንቺስ ታክሲ መጠበቂያ ላይ ሰው ቢወድቅ ክብሪት የሚጭር አይጠፋም። ክብሪት አይረዳም፤ ፊት ግን ያቃጥላል። ለሐጩን ፈርቶ መሸሽም ከንቱ ነው፤ በሽታው በለሐጭ አይተላለፍም። ጠንካራና ስለታም ነገር አርቁ፣ ራሱ ሥር ጃኬት አድርጉ፣ ሰዓት ተመልከቱ፤ መንቀጥቀጡ ሲያቆም በጎኑ አስተኙት። አትጫኑት፣ አፉ ውስጥ ማንኪያ አትክተቱ። ፈዞ የሚራመደውን በለሰለሰ ድምፅ ከመኪና መንገድ አርቁት። 5 ደቂቃ ካለፈው ወይም ሳይነቃ ከደገመው 907 ደውላችሁ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ጥሩ።

ልጃችሁ ደጋግሞ የሚፈዝ ከሆነ ከመቅጣታችሁ በፊት ለሐኪም አሳዩት።