ባቄላ ሥር ላይ ያለው እባጭ ታሪክ



ባለፈው ክረምት አንድ አባት ባቄላ ነቅለው ይዘውልኝ መጡ። «ልጄ፣ ሥሩን ትል በልቶታል መሰለኝ፤ ይሄው አባብጧል። መድኃኒት ልርጨው?» አሉኝ። ደግነቱ ሳይረጩ ጠየቁ። ዛሬ የዚያን እባጭ ታሪክ ላውጋችሁ።

ባቄላ ወይም አተር የነበረበት መሬት በቀጣዩ ዓመት ጥሩ ስንዴና ገብስ እንደሚሰጥ አባቶቻችን ያውቃሉ። ሰብል የሚያፈራርቁትም ለዚህ ነው። የጥንት ሮማውያንም ይህንኑ ጽፈዋል። ምክንያቱን ግን ማንም አያውቅም ነበር።

ምክንያቱን ያገኙት ኸልሪገል እና ቪልፋርት የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን ናቸው። ናይትሮጅን በሌለው አሸዋ ላይ አጃና አተር ዘሩ። አጃው ናይትሮጅን ካልተጨመረለት ቀጨጨ። አተሩ ግን የማሳ አፈር የተዘፈዘፈበት ውኃ ጠብ ሲደረግለት ለመለመ፣ ሥሩም እባጭ አወጣ። ያው ውኃ ተፈልቶ ሲሰጠው ግን ምንም አልፈየደም። ስለዚህ ሥራውን የሚሠራው እሳት የሚገድለው፣ ሕይወት ያለው ነገር ነው ማለት ነው። ይህ በ1886 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ ተነገረ። በ1888 ደግሞ ቤይሪንክ የተባለ የሆላንድ ሰው ባክቴሪያውን ከእባጩ ለይቶ አወጣው። ዛሬ ራይዞቢየም እንለዋለን።

ባክቴሪያ በዓይን የማይታይ፣ አንድ ሕዋስ ብቻ ያለው ፍጥረት ነው። ተክልም እንስሳም ሳይኖር፣ ከ3 ቢሊዮን ዓመት በፊት ባክቴሪያ በምድር ላይ ነበረ። ከአየሩ 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ ሰብል ግን ከአየር ቀጥታ መውሰድ አይችልም። ባክቴሪያው ያንን ወደ ተክል ምግብ ይለውጠዋል፣ ባቄላው ደግሞ ስኳር ይቀልበዋል። ልክ እንደ እኩል እርሻ ነው። የሰው ልጅም ይህንኑ ሥራ በፋብሪካ ይሠራል፤ ያውም በከባድ ግፊትና በመቶዎች ዲግሪ ሙቀት። ዩሪያ የሚመጣው ከዚያ ነው። ባክቴሪያው ግን እናንተ ማሳ ውስጥ፣ ያለ እሳት ይሠራዋል።

ታዲያ እናንተስ ምን ታደርጋላችሁ?

ባቄላው ማበብ ሲጀምር አንድ ሁለት እግር ከነአፈሩ ቆፍራችሁ አውጡ። እባጩን በጥፍራችሁ ሰንጥቁት። ውስጡ ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ እየሠራ ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ግን እየሠራ አይደለም። ጤነኛው እባጭ በጣት ሲነኩት በቀላሉ ይላቀቃል። ሥሩ ራሱ አብጦ አልላቀቅ ካለ ሌላ ችግር ሊሆን ስለሚችል ለባለሙያ አሳዩ።

ባቄላ ላይ ዩሪያ አታብዙ፤ ከበዛለት እባጭ ማውጣቱን ይቀንሳል፣ ገንዘባችሁም ይባክናል። ሕያው ማዳበሪያ ከገዛችሁ የባቄላ መሆኑን አረጋግጡ፤ የሽምብራው ለባቄላ አይሆንም። ፀሐይ እንዳይነካው ጥላ ሥር ከዘሩ ጋር አሹትና በዚያው ቀን ዝሩ። ሲደርስም ባትነቅሉት፣ በማጭድ ብታጭዱትና ሥሩ መሬት ውስጥ ቢቀር ይሻላል።

የእኚያን አባት ባቄላ አብረን ሰንጥቀን አየነው። ቀይ ነበር። መድኃኒቱ ቀረ። እናንተም ሰንጥቃችሁ ያያችሁትን ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ።